ጣውላውን አታስገድዱት፦ የሞዴል መርከብ ቀፎ በእጅ ስሠራ የተማርኩት

የመጀመሪያው ቀፎዬ ተጣሞ ነው የቀረው። ከአንድ ወር በላይ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ የሠራሁት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከአፍንጫው እስከ ኋላው ጫፍ ክር ወጠርኩና ከላይ ሆኜ አየሁት። መሃሉ ከክሩ 4 ሚሊሜትር ወጥቷል። እንደ ቀስት ጎብጧል ማለት ነው። ላስተካክለው ሦስት ቀን ታገልኩ፣ አልሆነም። እንጨት አንዴ በኮላ ከተያዘ በኋላ ልመና አይሰማም።

ሁለተኛውን ስጀምር አንድ ነገር ለራሴ ወሰንኩ። ጣውላው በራሱ ፈቅዶ ካልተኛ በጉልበት አላስተኛውም። የማይተኛበትን ምክንያት ፈልጌ ያንን አስተካክላለሁ። ሁለተኛው ቀፎ ቀጥ ብሎ ወጣ።  የመጀመሪያ መርከባችሁን ልትጀምሩ ከሆነ፣ ወይም ጀምራችሁ መሃል ላይ ከተቸገራችሁ፣ እኔ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ።

አስቀድመን በቃላቱ እንግባባ። ቀፎ የምለው ከወለሉ በታች ያለውን ሆድ የመሰለውን የመርከቡን አካል ነው። አከርካሪ የምለው ከፊት እስከ ኋላ መሃል ለመሃል የሚሄደውን ጠፍጣፋ የኮምፔርሳቶ እንጨት ነው። ጎድን የምለው ደግሞ በአከርካሪው ላይ ተሻግሮ የሚቆመውንና የመርከቡን ቅርጽ የሚሰጠውን ነው። በጎድኖቹ ላይ ስስ ጣውላ እየተደረደረ ይለጠፋል። ቀፎ ለመሥራት ሌሎች መንገዶችም አሉ። ሳንቃዎችን እንደ ደረጃ ደራርቦ አጣብቆ በመሮና በመላጊያ መቅረጽ አንዱ ነው። ለትንሽ ጀልባ ጥሩ ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ሥራ ጎድንና ጣውላን እመርጣለሁ። ምክንያቱም እውነተኛው መርከብ እንዴት እንደተሠራ በእጃችሁ ታውቁታላችሁ።

የሠራሁት ስኩነር የሚባለውን ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ ነው። መጠኑ 1:64 ነው። ቀፎው 40 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው፤ እውነተኛው መርከብ 25 ሜትር ከግማሽ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። 11 ጎድን አለው። ስኩነርን ለጀማሪ የምመክረው አፍንጫው ሹል ስለሆነ ነው። አፍንጫቸው ድቡልቡል የሆኑት ትልልቅ የድሮ የጦር መርከቦች ያምራሉ፤ ግን ጣውላው እዚያ ጋ በአጭር ርቀት በኃይል መዞር አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ይከብዳል።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። ካተር፣ ትንሽ መላጊያ፣ ሞረድ፣ ስኳድራ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ነጭ ኮላ፣ ሱፐር ግሉ፣ ስፒል፣ ብዙ የልብስ መቆንጠጫ፣ ከ80 እስከ 400 ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት። ግማሽ ሚሊሜትር የሚበሳ የእጅ መብሻም ያስፈልጋችኋል። የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ግን እንዳትረሱ። የእንጨት ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ የዋልነት ብናኝ ደግሞ ዓይንና ቆዳም ያሳክካል።

ማስመሪያ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ማስመሪያ ብቻ ለኩ። ቫሳ የተባለችው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 በስቶክሆልም ወደብ የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀምራ ብዙም ሳትርቅ ተጋድማ ሰጠመች። በ1961 ከባሕር ከወጣች በኋላ ሠራተኞቹ ይለኩባቸው የነበሩ ማስመሪያዎች ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ በስዊድን ጫማ፣ ሌሎቹ በአምስተርዳም ጫማ የተሠሩ ናቸው። የሁለቱ ጫማ ርዝመት አንድ አይደለም። ቫሳ የሰጠመችው በዋናነት ከላይ ስለከበደች ነው፤ ግን የቀፎዋ ግራና ቀኝም እኩል አልነበረም። እኔም አንዱን ጎድን በፕላስቲክ፣ ሌላውን በብረት ማስመሪያ እለካ ነበር። ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው በ20 ሴንቲሜትር ላይ ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ልዩነት ነበራቸው።

ወደ አከርካሪው እንምጣ። ሌላ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኙትና ቀጥ ማለቱን እዩ። ኮምፔርሳቶ ይጣመማል። የሁለተኛው ቀፎዬ አከርካሪ ጫፉ ላይ 2 ሚሊሜትር ተነስቶ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ሁለቱንም ፊት አረጠብኩት፣ በሁለት ጠፍጣፋ ሳንቃዎች መሃል አስገባሁት፣ ከላይ ከባድ ነገር ጫንኩበት፣ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ተስተካከለ። ያልተስተካከለ ቢሆን ኖሮ ጥዬው አዲስ እቆርጥ ነበር። በተጣመመ አከርካሪ ላይ ቀጥ ያለ መርከብ አይሠራም።

ጎድኖቹ ወደ አከርካሪው ክፍተት የሚገቡት በጣት ግፊት ብቻ መሆን አለበት። መዶሻ ካስፈለገ ክፍተቱ ጠቧል፤ በሞረድ አስፉት። በግድ የገባ ጎድን አከርካሪውን ይገፋዋል። 11ዱ ሲደመሩ ያጎብጡታል። ሁሉንም ያለ ኮላ ከሰካችሁ በኋላ በስኳድራ ፈትሹ። ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣችሁ በኮላ መልሱ። እኔ በየጥጉ ትንሽ አራት ማዕዘን እንጨት አጣብቄ አጠናክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ጎድን ፊት ለፊት፣ አከርካሪው ግራና ቀኝ ደግሞ ባልሳ የሚባለውን ለስላሳ እንጨት ሞልቼ በአፍንጫው ቅርጽ ሞረድኩት። ጣውላው እዚያ ጋ የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ ያገኛል።

አሁን የመጀመሪያው ቀፎዬ ላይ ጨርሶ ያላሰብኩትን ነገር ልንገራችሁ። ከኋላ፣ መሪው የሚንጠለጠልበት ቋሚ እንጨት አለ። የእኔ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ነው። አከርካሪውም 5 ሚሊሜትር ነው። ቀፎው ሁለት ጊዜ ጣውላ ይለብሳል፤ የመጀመሪያው የጣውላ ልባስ 1.5 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 0.5 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ጎን 2፣ በሁለት ጎን 4 ሚሊሜትር ይሆናል። አከርካሪው ሳይቀነስ ጣውላ ከለበሰ ኋላው 9 ሚሊሜትር ይወፍራል። ቋሚው ግን 5 ነው። የመጀመሪያው ቀፎዬ ከኋላ እንደ ቡሽ የወፈረው ለዚህ ነበር። መፍትሔው አከርካሪውን እዚያ ቦታ ላይ ከግራና ከቀኝ እየሞረዱ 1 ሚሊሜትር እስኪቀረው ማሳሳት ነው። ፕላኑ ላይ ብዙ ጊዜ መስመሩ ይታያል። የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በእርሳስ አስምሩ፣ ከዚያ ሞረዱን አንሱ። በመርከቡ ግርጌና በአፍንጫውም ጣውላው ጫፉን የሚያስገባበት ቦይ ያስፈልገዋል። ኪሉን፣ ማለትም ከአከርካሪው ሥር የሚለጠፈውን ወፍራም እንጨት፣ ከጣውላው በፊት ብትለጥፉት ቦዩ በራሱ ይወጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የቀፎው ዋና ሥራ ነው። ብዙ ሰው ለጣውላ ቸኩሎ ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር።

ጎድኖቹ ሲቆረጡ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው። መርከቡ ግን ወደ አፍንጫው እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ጣውላው በጎድኑ ጠርዝ ላይ በሙሉ አያርፍም፤ በአንዱ ጥግ ብቻ ይነካዋል። ጠርዙን በሰያፍ መሞረድ ያስፈልጋል። የትኛው ጥግ ይሞረዳል? ከመሃል ወደ አፍንጫ ባሉት ጎድኖች ላይ የፊቱ ጥግ ነው የሚሞረደው። የኋላው ጥግ የመርከቡን እውነተኛ ስፋት ስለሚይዝ አይነካም። ከመሃል ወደ ኋላ ባሉት ደግሞ ተቃራኒው ነው። መሃል ላይ ያሉት አንድ ሁለት ጎድኖች ብዙም አይነኩም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የሁሉንም ጎድን ጠርዝ በእርሳስ አጠቁራለሁ። 25 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ላይ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እለጥፋለሁ። እንጨቱ መርዘሙ ቢያንስ ሦስት ጎድን አንድ ላይ እንዲነካ ነው። በአጭር ብትሞርዱ እያንዳንዱን ጎድን ለየብቻ ታጎደጉዱታላችሁ። ከዚያ ጣውላው በሚሄድበት አቅጣጫ ቀስ እያልኩ እሞርዳለሁ። ጥቁሩ እየጠፋ ሲሄድ የት እንደደረስኩ ያሳየኛል። የማይነካው ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ስትቀር አቆማለሁ። ጎድኖቹ ስስ ስለሆኑ ይሰበራሉ። በመሃላቸው ቁርጥራጭ እንጨት ሸጉጡባቸው።

በየአሥር ደቂቃው መፈተሻ ጣውላ አምጥቼ በእጄ አስተኛዋለሁ። ያለ ስፒል፣ ያለ ኮላ። ከዚያ አጎንብሼ ከጎድኑና ከጣውላው መሃል ብርሃን ይታይ እንደሆነ አያለሁ። ብርሃን ካለ ገና ነው። ጣውላው ከአንዱ ጎድን ላይ ከተንሳፈፈ ያ ጎድን ዝቅ ብሏል፤ ስስ ቁራጭ ለጥፋችሁበት እንደገና ሞርዱት። አንዱ ላይ ጉብ ካለ ያ ጎድን ከፍ ብሏል። መፈተሻውን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ ደግሞም በሰያፍ አስኪዱት። ይኼ ሥራ አምስት ማታ ፈጅቶብኛል። አንዲት ጣውላ ሳልለጥፍ አምስት ማታ። አሁን ሳስበው ከሁሉም በላይ የረዱኝ ማታዎች እነዚያ ናቸው።

አሁን ጣውላ። የእኔ የመጀመሪያ ልባስ 5 ሚሊሜትር ስፋት፣ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሊንደን እንጨት ነው። ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል፣ ጭረቱ ቀጥ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ጣውላ የወለሉን ጠርዝ ተከትዬ በግራም በቀኝም ለጠፍኩ። ሁለተኛው ከግርጌ፣ ኪሉን ተጠግቶ የሚሄደው ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የግርጌው ጣውላ ከኋላ ተነስቶ ኪሉን እየታከከ ወደ ፊት ይሄዳል። አፍንጫው ወደ ላይ መቀልበስ በሚጀምርበት ቦታ መቆም አለበት። ዓይን ግን ይታለላል። ጣውላው በኪሉ ቦይ ውስጥ ስለሚሄድ ዝም ብሎ እየተከተለ አፍንጫው ላይ ሊወጣ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቀፎ ላይ ለቀቅኩት። 3 ሴንቲሜትር ወጣ። ከዚያ በላዩ የተቀመጡት ሁሉ አፍንጫው ጋ ሲደርሱ ወደ ላይ ተገፉ። አምስተኛውና ስድስተኛው ጣውላ በጠርዛቸው መታጠፍ ነበረባቸው። ስስ እንጨት በሆዱ በኩል ይታጠፋል፤ በጠርዙ በኩል ግን አይታጠፍም። ካስገደዳችሁት አንዱ ጠርዙ ይነሳል፣ ጣውላዎቹም እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባሉ። ያንን ካያችሁ ጥፋቱ እዚያው ያለው ጣውላ ላይ አይደለም። ሥር መሠረቱ ከታች ነው። ሁለተኛው ቀፎ ላይ የግርጌውን ጣውላ የፊት ጫፍ ክብ አድርጌ ቆርጬ ከመጀመሪያው ጎድን ትንሽ አልፎ እንዲቆም አደረግኩ። ሌሎቹ ያለ ጭቅጭቅ ተኙ።

ከላይ ያለውና የግርጌው ጣውላ ከተለጠፉ በኋላ በመሃላቸው የቀረውን ቦታ ትለካላችሁ። በማስመሪያ ሳይሆን በወረቀት። ቀጭን ወረቀት ቁረጡና በጎድኑ ኩርባ ላይ ጠምጥሙት፤ የሁለቱን ጣውላዎች ጠርዝ ምልክት አድርጉበት። የእኔ መሃለኛው ጎድን ላይ 80 ሚሊሜትር መጣ። 80 ለ5 ሲካፈል 16። ስለዚህ በአንድ ጎን 16 ጣውላ ይገባል። አፍንጫው አጠገብ ያለው ጎድን ላይ ግን 52 ሚሊሜትር ብቻ ነው ያለው። 52 ለ16 ሲካፈል 3.25። እያንዳንዱ ጣውላ መሃል ላይ 5፣ አፍንጫው ጋ 3.25 ሚሊሜትር ሆኖ መጥበብ አለበት ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ጣውላውን እንዳለ መደርደር የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው።

አንድ ልክ አለ። ጣውላ አፍንጫው ጋ ከስፋቱ ግማሽ በታች አይጥበብ። ለእኔ 2.5 ሚሊሜትር ነው፤ 3.25 ከዚያ በላይ ስለሆነ ተርፌያለሁ። ከግማሽ በታች ቢወርድ ኖሮ ሁለት ጣውላዎችን አንድ ቦታ ላይ አቁሜ በአንድ ጣውላ እተካቸው ነበር። የጠበበ ጫፍ ስፒል ሲገባበት ይሰነጠቃል፤ በእውነተኛውም መርከብ ቢሆን ምስማር አይይዝም።

ከኋላ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመኝ። የመጨረሻው ጎድን ላይ 90 ሚሊሜትር መጣ። 16 ጣውላ በ5 ሚሊሜትር 80 ነው። 10 ሚሊሜትር ክፍት ይቀራል። ጣውላዎቹን ዘርጋ ዘርጋ አድርጎ መሸፈን አይቻልም። ክፍተቱ ይኑር፤ ጣውላው ወደፈቀደበት ይሂድ። ክፍተቱ ውስጥ በኋላ ሹል ሽብልቅ ይገባል። እኔ በየጎኑ ሁለት ሁለት አስገብቻለሁ። የድሮዎቹ መርከብ ሠሪዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ስለዚህ ሽብልቅ ማየት አያሳፍርም።

በየጎድኑ ማካፈል ይሰለቻል። ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። ወረቀት ላይ አግድም መስመር ስመሩና በየ6 ሚሊሜትሩ 17 ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ሩቅ ላይ ካለ አንድ ነጥብ ጋር ሁሉንም በመስመር አገናኙ። እንደ ማራገቢያ ይሆናል። የለካችሁበትን ወረቀት ከአግድሙ መስመር ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ወደ ላይ ግፉት። ሁለቱ ምልክቶች የዳርና የዳሩን መስመር ሲነኩ አቁሙ። በመሃል ያሉት መስመሮች 16 እኩል ቦታ ይከፍሉላችኋል። ምልክቱን ገልብጡና ወደ ጎድኑ መልሱት። ሒሳብ የለም፣ ስህተት የለም። እኔ ከዚያ 16ቱን በአራት በአራት ከፍዬ በየድንበሩ ክር ወጠርኩ። ክሩ ከፊት እስከ ኋላ ያለ ስብራት መፍሰስ አለበት። ዓይናችሁን የሚቆረቁር ቦታ ካለ ክሩን አንቀሳቅሱት፤ ክር ማንቀሳቀስ ቀላል ነው።

ጣውላ ሳጠብ ሁልጊዜ ሁለት አብሬ ነው። የግራውንና የቀኙን አጋጥሜ ሞርሳ ውስጥ አስገባና በመላጊያ አንድ ላይ እልጋቸዋለሁ። መንታ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚዞረውን ጠርዝ ትንሽ በሰያፍ እሞርዳለሁ፤ የቀፎው ሆድ ስለሚታጠፍ ጣውላዎቹ ከውጭ በኩል አፍ ለአፍ እንዲገጥሙ ነው።

ማጠፍ ላይ ብዙ ሰው ውሃውን ያምናል። እንጨትን የሚያለሰልሰው ግን ሙቀቱ ነው። ውሃው ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያደርሳል፣ እንጨቱም እንዳያር ይጠብቃል። እኔ የፊቱን 10 ሴንቲሜትር ሙቅ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት እነክራለሁ። ከዚያ በጋለ ብረት ላይ ቀስ ብዬ እየሳብኩ እጠቀልለዋለሁ። በእጃችሁ ትሰሙታላችሁ። መጀመሪያ ያምፃል፣ ከዚያ ድንገት እጁን ይሰጣል። ያቺን ቅጽበት ጠብቁ እንጂ አትቅደሟት። ከቀደማችሁት ቀጭ ይላል። ከተጠቀለለ በኋላ በመቆንጠጫ ቦታው ላይ አስሬ ያለ ኮላ አሳድረዋለሁ። እርጥብ ጣውላ ያበጠ ነው። እርጥብ ሆኖ ከተለጠፈ ሲደርቅ ይሸማቀቅና በመሃሉ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ዛሬ የታጠፈው ነገ ነው የሚለጠፈው። እስከዚያው ትናንት የታጠፈውን ትለጥፋላችሁ። ሥራው አይቆምም።

ስትለጥፉ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። ይህን ሕግ አትጣሱ። የእኔ የመጀመሪያ ቀፎ የተጣመመው በግራ በኩል አምስት ጣውላ በተከታታይ ስለለጠፍኩ ነው። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር፤ እጄ ገብቶልኛል ብዬ ቀጠልኩ። የታጠፈ ጣውላ ሁሉ ቀጥ ማለት ይፈልጋል። አምስቱ ተባብረው አከርካሪውን ሳቡት። በቀኝ በኩል የሚቃወማቸው ጣውላ አልነበረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እውነት ነው። ሁለተኛው ላይ ጥንድ ጥንድ እያደረግኩ፣ ከላይ አንድ ጥንድ፣ ከታች አንድ ጥንድ ሠራሁ። በየቀኑም ሥራ ስጀምር ክሩን ወጥሬ አየው ነበር። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ኮላውን በጎድኑ ጠርዝና በጎረቤቱ ጣውላ ጠርዝ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ስፒል ከመግባቱ በፊት ጣውላውን ብሱት፤ ኮምፔርሳቶው ከጎኑ ሲወጋ ይሰነጠቃል። ስፒሉን እስከ ግማሽ ብቻ አስገቡት። ሲደርቅ ይነቀላል። የሚያስቸግር ጫፍ ካለ በአንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ያዙት። ግን በሱፐር ግሉ ብቻ አትሥሩ። ነጭ ኮላ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ሱፐር ግሉ አይሰጥም፣ ጢሱም ዓይን ያቃጥላል።

ከላይና ከታች የመጡት ጣውላዎች ሆዱ ላይ ይገናኛሉ። የመጨረሻው ክፍተት አንድ ጣውላ ብቻ የሚያስገባ ነው። ስፋቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ወረቀት ዘርግታችሁበት በእርሳስ እሹት፤ ቅርጹ ይታተማል። ትንሽ አስፍታችሁ ቁረጡና እየሞከራችሁ በብርጭቆ ወረቀት ቀንሱ። የእኔ ሰባት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል። በስምንተኛው በአውራ ጣቴ ስገፋው ገባ።

ቀፎው ሲዘጋ ከውስጥ በኩል በውሃ የቀጠነ ኮላ ቀቡት። ጣውላዎቹን አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚያ ከውጭ በ80 ጀምራችሁ በ120፣ በ180 እያላችሁ ሞርዱ። በ80ው ተጠንቀቁ። ጣውላው 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ሆዱ ላይ በቀላሉ ይበሳል። ዝቅ ያለ ቦታ በስቱኮ ይሞላል። በዚህ ልባስ ላይ ስቱኮ ነውር አይደለም፤ ሁለተኛው ይሸፍነዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳስሱት። መዳፍ ዓይን የማያየውን ጉብታ ያገኛል። ማታ ደግሞ መብራት አጥፉና አንድ የእጅ ባትሪ ከጎን በዝቅታ አብሩበት። ጥላው ሁሉንም ይናገራል።

ሁለተኛው ልባስ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስስ ዋልነት ነው። እንደ መጀመሪያው አያታግልም። ልዩነቱ ሁሉም የሚታይ መሆኑ ነው። የፈሰሰ ኮላን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ አይቀበልም፤ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ማጥበቡ፣ ጥንድ ጥንዱ፣ ወረቀቱ ሁሉ እዚህም ይደገማል። ከወለሉ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የሚሄደውን ወፍራም መቀነት ከዚህ በኋላ ለጠፍኩ። ሁለቱን ጎን እያየሁ፣ ከፊት ቆሜ እያነጻጸርኩ።

ትናንት ማታ በ400 ቁጥር ጨርሼ የመጀመሪያውን ስስ ቫርኒሽ ቀባሁት። የዋልነቱ ጭረት ከፊት እስከ ኋላ ብቅ አለ። ዛሬ የውሃውን መስመር፣ ማለትም ውሃው በቀፎው ላይ የሚደርስበትን ከፍታ፣ ማስመር ነበረብኝ። ቀፎውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በማቆሚያው አስቀመጥኩ። አንድ እንጨት ላይ እርሳስ በልኩ ከፍታ አሰርኩና መስታወቱ ላይ እያንሸራተትኩ መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን ዞርኩ። ከኋላ ጀምሬ ነበር። ሁለቱ መስመሮች አፍንጫው ላይ ተገናኙ። በመሃላቸው የእርሳስ ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት የለም።